ከመቅደስ እስከ ጓሮ፤ የአንድ ሣጥን ታሪክ

በአማርኛችን ዕቃ የሚቀመጥበትና እንስሳ የሚያድርበት ስፍራ በስም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ልብስ በሣጥን፣ ጌጥ በሙዳይ፣ እህል በጎተራ፣ ብርጭቆና ሰሐን በቡፌ ሲቀመጥ፣ ከብት በበረት፣ ፈረስ በጋጣ፣ በግና ፍየል በጉረኖ፣ ዶሮ በቆጥ ያድራል፤ ቡፌውን በረት፣ በረቱንም ቡፌ ብሎ የሚጠራ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ ለጸበል ይዞት በሄደ ነበር። እንግሊዞች ግን «ሃች» የሚል አንድ አጭር ቃል አላቸው፤ በዚህም ቃል የቤተ ክርስቲያንን የገንዘብ ሣጥን፣ የዱቄት ማስቀመጫን፣ የጥንቸልን ቤት፣ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ጋሪን፣ በመጨረሻም በመመገቢያ ክፍል የሚቆመውን የሰሐን መደርደሪያ በየዘመኑ ሲጠሩበት ኖረዋል። ይህ ሁሉ ትርጉም በአንድ ቃል ላይ እንዴት እንደ ተደራረበ ለመረዳት የፈለገ ሰው መዝገበ ቃላትን ከማገላበጥ ይልቅ የዕቃውን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ በተራ ቢከታተል ይሻለዋል፤ ነገሩም የአውሮፓ ነውና ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ይሆናል።

በመካከለኛው ዘመን ይጻፍ በነበረው ሮማይስጥ ሣጥን «ሁቲካ» ይባል ነበር፤ ፈረንሳዮች ይህን አሳጥረው «ዩሽ» አሉት። የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም በ1066 እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ የፈረንሳዮች ቋንቋ የቤተ መንግሥት፣ የፍርድ ሸንጎና የገዳም ልሳን ስለ ሆነ፣ ከጌቶቹ ጋር የዕቃቸው ስም ባሕሩን ተሻገረ። ከሮማይስጡ በፊት ስላለው ሥርወ ቃል ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ከ1200 ገደማ ጀምሮ ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል፤ የሚያመለክተውም ተራውን የዕቃ ሣጥን ብቻ ሳይሆን ሌዋውያን በምድረ በዳ ተሸክመውት ይሄዱ የነበረውን የእግዚአብሔርን ታቦት ጭምር ነበረ። የዛሬው የእንግሊዝ ሕፃን የጥንቸሉን ቤት የሚጠራበት ቃል በዚያ ዘመን ለታቦተ ሕጉ መዋሉ ሊያስደነግጥ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የግዕዙ መጽሐፍ ቅዱስ ኖኅ እንስሳትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስገባባትንም፣ ሙሴ ጽላቱን ያኖረበትንም በአንድ ስም ታቦት ብሎ እንደሚጠራቸው ለሚያውቅ አንባቢ፣ የተቀደሰውን መዝገብና የእንስሳትን መጠለያ በአንድ ቃል ማገናኘት እንግዳ አይሆንበትም።

ሣጥኑ በየአጥቢያው እንዲቆም ካደረጉት ነገሮች አንዱ የሮም ትእዛዝ ነበር። በ1199 መጨረሻ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሦስተኛ ቅድስት አገርን ለማስመለስ ለታቀደው ዘመቻ ምጽዋት እንዲሰበሰብ ሲያዝዙ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ከግንድ የተፈለፈለ ሣጥን እንዲቆም፣ በሦስት ቁልፍ እንዲዘጋ፣ ከመክፈቻዎቹም አንዱ በጳጳሱ፣ ሁለተኛው በደብሩ ቄስ፣ ሦስተኛው እግዚአብሔርን በሚፈራ ምእመን እጅ እንዲኖር ደነገጉ። የሦስት ሰዎችን ቅንነት በሦስት ሰዎች አለመተማመን የሚጠብቅ ይህ ሥርዐት ብልህ ሥርዐት ነው፤ ካህኑን ሌባ ነህ ሳይል የሌብነትን በር ይዘጋበታል። ምእመኑንም ከጳጳሱ እኩል ባለመክፈቻ አድርጎታልና፣ በዚያ ዘመን ለአንድ የመንደር ሰው ይህ ትንሽ ክብር አልነበረም።

ግንድ እየፈለፈሉ ሣጥን ማበጀት ግን እንጨት የሚያባክን፣ ለማንሣትም የሚያስቸግር ሥራ ስለ ነበረ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ሌላ አሠራር ተስፋፋ። ጸራቢው ኦክ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ከቈረጠ በኋላ ግንዱን በሽብልቅ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ እየሰነጠቀ ሳንቃ ያወጣል፤ እንዲህ የወጣ ሳንቃ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ስለሚሰነጠቅ ሲደርቅ አይጣመምም። ከዚያም ሰፋፊ ቋሚዎችን በማዕዘኖቹ ላይ አቁሞ የፊቱንና የኋላውን ሳንቃ በቋሚዎቹ ጠርዝ በተቦረቦረው ስንጥቅ ውስጥ ያስገባና በእንጨት ችንካር ያጠብቀዋል። ቋሚዎቹ ከሣጥኑ ወለል ወደ ታች አልፈው እግር ስለሚሆኑ፣ በውስጡ ያለው ብራናና ልብሰ ተክህኖ ከእርጥቡ የድንጋይ ንጣፍ ከፍ ይልና ከሻጋታ ይድናል። ክዳኑም በጎንና በጎን በገቡ ሁለት ችንካሮች ላይ ይዞራል። የቤት ዕቃን ታሪክ የሚመረምሩ ሰዎች ይህን በቋሚ የተያዘ ሣጥን ከሌላው ለይተው እስከ ዛሬ «ሃች» ይሉታል፤ በአንዳንድ የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያንም ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ያስቈጠሩ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በግድግዳ ጥግ ቆመው ይታያሉ።

በፈረንሳይ ሙያው በማኅበር የታቀፈ ነበር። የንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛ ሹም ኤትየን ቧሎ በ1268 ገደማ የፓሪስን የእጅ ሙያተኞች ሥርዐት በአንድ መጽሐፍ ሲያሰባስብ፣ «ዩሽዬ» የሚባሉትን ሣጥን ሠሪዎች በር ከሚሠሩትና ቤት ከሚያዋቅሩት ጋር በአናጢዎች ማኅበር ውስጥ ቈጥሯቸዋል። ከጊዜ በኋላ ረቂቁን የእንጨት ሥራ የያዙት እነዚህ ሰዎች ከጣራ ሠሪዎቹ ተለይተው ለብቻቸው ማኅበር ሆኑ።

በእንግሊዝ የሣጥኑ ዕድል ከትምህርት ጋር ተገናኘ፤ የዚህም መነሻ ደም ነበር። በ1209 በኦክስፎርድ አንዲት ሴት በአንድ ተማሪ እጅ ሞተች ተብሎ የከተማው ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎችን ይዘው ሰቀሉ፤ መምህራኑም በቍጣና በፍርሃት ከተማውን ትተው ተበተኑ፤ ወደ ኬምብሪጅ የሄዱት በዚያ የኋላውን ታላቅ ትምህርት ቤት መሠረቱ። በ1214 የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት መልእክተኛ ነገሩን አይቶ የኦክስፎርድ ከተማ ለድኆች ተማሪዎች በየዓመቱ 52 ሽልንግ ካሳ እንዲከፍል ፈረደ። በ1240 የሊንከኑ ጳጳስ ሮበርት ግሮስቴስት፣ ራሳቸው ታላቅ ሊቅ የነበሩት፣ ይህ ገንዘብ በቅድስት ፍሪድስዋይድ ገዳም በሚቀመጥ ሣጥን ተጠራቅሞ ለተቸገረ ተማሪ እንዲበደር ሥርዐት ሠሩ። አራጣ በቀኖና የተከለከለ ነበርና ብድሩ ወለድ አልነበረውም፤ ተማሪው ግን ከተበደረው የሚበልጥ ዋጋ ያለው መያዣ፣ ብዙውን ጊዜ መጽሐፍ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በጊዜው ካልመለሰ መያዣው ይሸጣል። ስለዚህ በዚያው በአንድ ክዳን ሥር ብርና ብራና ጎን ለጎን ተኝተው ይገኙ ነበር። ይህ ልማድ በሌሎች በጎ አድራጊዎች እየተስፋፋ ሄደ፤ በኬምብሪጅ የኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ አለቃ የነበሩት ሪቻርድ ቢሊንግፎርድ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለኮሌጁ አባላት ብድር የሚሆን ገንዘብ በሣጥን አኖሩ፤ ሣጥኑም በስማቸው «የቢሊንግፎርድ ሃች» ተባለ። ባንክ የሚባለው ነገር በእንግሊዝ ተማሪ ዘንድ ከመታወቁ በፊት ተማሪ የሚበደረው ከሳንቃ ሣጥን ነበር ማለት ነው።

በ1538 የንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ እንደራሴ ቶማስ ክሮምዌል የክርስትና ጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ በየደብሩ እንዲጻፍ ሲያዝዝ፣ መዝገቡ የሚቀመጥበት ሁለት ቁልፍ ያለው ሣጥን በምእመናኑ ወጪ እንዲገዛ አዘዘ። ዛሬ እንግሊዛዊ ሁሉ የአያት የቅድመ አያቱን ስም ቈጥሮ የሚደርስበት መዝገብ በዚህ ሣጥን ውስጥ ያደረ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ በገበሬ ቤት፣ ሣጥኑ የሚጠብቀው ብርን ሳይሆን ዱቄትን ነበር። አይጥና እርጥበት የገበሬ ጠላቶች ናቸውና፣ በሰሜን እንግሊዝ የዱቄትና የእህል ማስቀመጫው ክዳኑ እንደ ቤት ጣራ ሁለት ፊት የተዳፋ ነበር፤ ይህንም «አርክ» ይሉታል፤ ይህ ቃል ደግሞ የኖኅን መርከብና የሙሴን ታቦት የሚጠሩበት ሌላው ቃላቸው ነው። ክዳኑ ተነሥቶ ሲገለበጥ ማቡኪያ ይሆናል፤ እመቤቲቱ ዱቄቱን ከሣጥኑ ቀድታ በክዳኑ ላይ ታቦካለች። ይህን ዕቃ የሚሠራ ጸራቢ «አርክራይት» ይባል ነበር፤ ስሙም ከሙያው አልፎ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ቀረና፣ በ1769 በውሃ ኃይል የሚሠራውን የጥጥ መፍተያ መኪና በስሙ ያስመዘገበው ሪቻርድ አርክራይት፣ እርሱ ራሱ ጸጕር አስተካካይ የነበረ ሲሆን፣ በስሙ ግን የዱቄት ሣጥን ሠሪዎችን ዘር ይጠራ ነበር። በፈረንሳይ ገጠርም «ዩሽ» ማለት በተለይ ቡሖው የሚቦካበትና ዳቦው የሚቀመጥበት ሣጥን ሆኖ ኖረ።

በዱቄት ቤት ሌላም ሣጥን ነበረ፤ ዱቄቱ በጨርቅ ወንፊት ሲነፋ ፉርሽካው ተለይቶ ደቃቁ የሚጠራቀምበት ትልቅ ሣጥን። ሼክስፒር በ1598 በታተመው የ«ሄንሪ አራተኛ» የመጀመሪያ ክፍል ላይ ልዑሉ ወዳጁን ሆዳሙን ፎልስታፍን ሲሰድበው ከሚደረድርለት ስድብ አንዱ የዚህ የመንፊያ ሣጥን ስም ነው። ሆድን ሁሉ በሚጠራቀምበት ሣጥን መመሰል ለጊዜው ሰው ወዲያው የሚገባ ስድብ ነበረ፤ እያንዳንዱ ተመልካች ሣጥኑን በወፍጮ ቤት ያውቀዋልና።

ጥንቸል ወደዚህ ታሪክ የገባችው ዘግይታ ነው። በትውልድ አገሯ በእስፓኝና በፖርቱጋል የነበረችውን ጥንቸል ወደ እንግሊዝ ያመጧት ኖርማኖች ሲሆኑ፣ በመጀመሪያ የምትረባው በሣጥን ሳይሆን ለእርሷ ተብሎ በተከለለ መሬት በተቈለለ የአፈር ጉብታ ውስጥ ነበር። ስለ ጥንቸል መላመድ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ፤ በ600 ገደማ የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ያልተወለደ የጥንቸል ግልገል እንደ ዓሣ ይቈጠራል ብለው በዐቢይ ጾም እንዲበላ ስለ ፈቀዱ መነኮሳቱ ጥንቸል ማርባት ጀመሩ ይባላል። በ2018 የታተመ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንደሌለ፣ ስሕተቱም የመጣው የቱሩ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በጾም ጥንቸል ስለ በላ አንድ ሰው የጻፈውን አሳስቶ በማንበብ እንደ ሆነ አስረድቷል። ጾምን በብልሃት ማለፍ የሚወድ ሰው በየትም አገር ስለማይጠፋ ታሪኩ ብዙ ዘመን መታመኑ አይደንቅም። በእኛ በኩል ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ሰኰናዋ ያልተሰነጠቀ ርኩስ እንስሳ ብላ ስለ ቈጠረቻት በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቤት አትረባምና፣ ለዶሮና ለንብ ቤት ልዩ ስም ያለው አማርኛችን ለጥንቸል ቤት የተለየ ስም አላስፈለገውም።

በእንግሊዝ ግን ከ1600 ገደማ ጀምሮ ጥንቸል የምታድርበት ሣጥን «ሃች» መባል ጀመረ። የግብርና ጸሐፊው ጄርቬስ ማርካም በ1614 ባሳተመው መጽሐፍ የሣጥኑን አሠራር በዝርዝር ይገልጻል፤ በቀጭን ሳንቃ ተሠርቶ ስፋቱ በየጎኑ ሁለት ጫማ፣ ቁመቱ አንድ ጫማ ይሁን ይላል፤ ይኸውም 60 በ60፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውስጡ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰፊው ክፍል ጥንቸሏ በሽቦ መስኮት እየበላች የምትውልበት፣ ጠባቡ ክፍል ደግሞ ብርሃን የማይገባበት፣ የምትተኛበትና የምትወልድበት ነው። በዚህ ዐይነት ሣጥኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። እንስሳውን ለማሳደር ሳይሆን ለማኖር የተሠራ ሣጥን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ሲነደፍ ስናይ፣ ጸሐፊው ጥንቸሏን ከሚንከባከባት ይልቅ ቆዳዋን የሚንከባከብ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም፤ ብርማ ጸጕር ያላቸውን ጥንቸሎች የሚያወድሰው ቆዳቸው ከሌላው ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ ነውና።

በዚያው በ17ኛው መቶ ዓመት በሀብታሙ ቤት የሣጥኑ መልክ ተለወጠ። ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ሣጥን ታችኛውን ዕቃ ለማውጣት ላይኛውን ሁሉ ማንሣት ያስገድዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከሥሩ አንድ መሳቢያ ጨመሩለት፤ ቀጥሎ መሳቢያዎቹ በዝተው ሣጥኑን ሁሉ ያዙት፤ ክዳኑም በር ሆኖ ወደ ፊት ዞረ። ጥቃቅን መሳቢያ ያለው የተዋበው ቁም ሣጥን «ካቢኔት» የተባለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ያው ቃል ትንሽ የግል ክፍልንም ያመለክት ስለ ነበር፣ ንጉሡ ከጥቂት ምስጢረኞች ጋር የሚመክርበት ክፍል ስሙን ለመካሪዎቹ ሰጣቸው፤ እኛም የሚኒስትሮቻችንን ጉባኤ ካቢኔ ብለን የምንጠራው ከዚህ የተነሣ ነው። «ሃች» ግን ይህን ከፍታ አላገኘም፤ ወደ ሸንጎ ሳይወጣ በጓዳና በጓሮ ቀረ። ባሕር ተሻግረው በአሜሪካ የሰፈሩት እንግሊዞች ጠባብ ቤታቸውን ለማብቃቃት ገበታው ወደ ኋላ ሲቀና የወንበር መደገፊያ የሚሆን፣ መቀመጫውም ሣጥን የሆነ ጠረጴዛ ይሠሩ ነበር፤ ይህም «የሃች ጠረጴዛ» ይባላል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ቃሉ ከምድር በታች ወረደ። በስኮትላንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ሴቶችና ልጆች ከሰሉን በቅርጫት አዝለው በመሰላል ያወጡ ነበር፤ በ1842 ሴቶች ሁሉና ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ በሕግ ተከለከለ። ከሰሉ የሚጫንበትን፣ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ትንሽ ጋሪ ስኮትላንዶች «ሃች» ይሉት ነበር። ቆፋሪው ደመወዙን የሚያገኘው በሞላው ሃች ልክ ስለ ነበር፣ የራሱን ምልክት ያለበት ቁራጭ በጋሪው ላይ ያንጠለጥላል፤ ላይ ያለው መዛኝ «ጐድሏል» ወይም «ድንጋይ ተቀላቅሎበታል» ካለ የዚያ ጋሪ ድካም ከንቱ ይቀራል። በዚህ ስንት ጠብ እንደ ተነሣ መገመት አያዳግትም። በመጨረሻ በ1860 የወጣው ሕግ ቆፋሪዎች የራሳቸውን መዛኝ ከባለቤቱ መዛኝ አጠገብ እንዲያቆሙ ፈቀደላቸው። ሁለተኛ ዐይን በሣጥኑ ላይ ማድረግ፣ ሊቀ ጳጳሳቱ ኢኖሰንት ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በሦስት መክፈቻ የደነገጉት ነገር መሆኑን ማንም ያሰበ አይመስለኝም።

ሃያኛው መቶ ዓመት ሲገባ ቃሉ በሁለት አገር ሁለት መንገድ ያዘ። በአሜሪካ፣ ከ1876 የፊላደልፊያ ታላቅ ትርኢት ወዲህ የቅድመ አያቶችን የቤት ዕቃ መውደድ ፋሽን ስለ ሆነ፣ ታችኛው ክፍል በርና መሳቢያ፣ ላይኛው ክፍል ለእይታ ክፍት የሆነው የሰሐን መደርደሪያ በየመመገቢያ ክፍሉ ቆመ፤ ስሙም «ሃች» ተባለ። አዲስ አበባ ላይ በሳሎን ግድግዳ ተጠግቶ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን ብርጭቆና የሠርግ ሰሐን በመስታወት ውስጥ አሳይቶ የሚቆመው ቡፌ የዚሁ ዘመድ ነው። ቀድሞ ሀብትን ከዐይን ለመሰወር የተሠራው ሣጥን አሁን ሀብትን ለዐይን የሚያሳይ ሆኗልና፣ ከዚህ የሚበልጥ የትርጉም ግልብጥ አላውቅም።

በእንግሊዝ ግን ሃች ማለት የጥንቸል ቤት ሆኖ ጸና፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ይህን አጠነከረው። ከ1940 ጥር ጀምሮ ቅቤና ስኳር፣ ቀጥሎም ሥጋ በመጠን ሲታደል፣ የጥንቸል ሥጋ ከእደላው ውጭ ስለ ነበር፣ በከተማ ጓሮ ሁሉ ከአሮጌ የሻይ ሣጥንና ከሽቦ የተሠራ የጥንቸል ቤት በቀለ፤ ለአርቢዎች ማኅበር አባላትም ፉርሽካ ይታደላቸው ነበር። እደላው በ1954 ሐምሌ ሲያበቃ ሥጋዋን መብላት እየቀረ ሄደ፤ ጥንቸሏ ግን የልጆች መጫወቻ ሆና በዚያው ሣጥን ውስጥ ቀረች።

በ1979 ደግሞ ሃች የዲፕሎማሲ ጠብ አስነሣ። ከአውሮፓ ማኅበር አንድ የውስጥ ሰነድ አፈትልኮ ወጣና፣ ጃፓኖችን ለምዕራባውያን ዐይን ከጥንቸል ቤት የማይሻል መኖሪያ ያላቸው የሥራ እብዶች ሲል ተገኘ፤ ቃሉ የሚነገረው የማኅበሩ የውጭ ግንኙነት ኃላፊ ከነበሩት ከእንግሊዛዊው ሰር ሮይ ዴንማን ስም ጋር ነው። ፈረንሳዮች ጠባብ አፓርትማን የጥንቸል ቤት እያሉ ይቀልዱበታልና በፈረንሳይኛ ቢጻፍ እንደ ቀልድ ባለፈ ነበር የሚሉም አሉ። ጃፓኖች ተቈጡ፤ ከዚያም «ኡሳጊ ጎያ» ብለው ቃሉን ወደ ራሳቸው ቋንቋ መልሰው የቤታቸውን ጥበት ራሳቸው ይስቁበት ጀመር።

የዛሬው ክርክር ግን ስለ እንስሳቱ ነው። በወተት እርባታ ጥጃ ከተወለደ በኋላ ተቅማጥና የሳንባ ሕመም እንዳይጋባበት ለብቻው በፕላስቲክ ሃች ይቀመጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ባወጣው መመሪያ ከስምንት ሳምንት ዕድሜ በላይ የሆነ ጥጃ ለብቻው በተከለለ ስፍራ እንዳይታሰር ከልክሏል። ለጥንቸል ደግሞ በእንግሊዝ ያለው የጥንቸል ደኅንነት ማኅበር ሃች ብቻውን አይበቃም ብሎ ዘመቻ ከፈተ፤ ለሁለት ጥንቸሎች ዝቅተኛው የመኖሪያ ልክ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር ይሁን ይላል። ማርካም ከወሰነላት ስፋት ጋር ሲተያይ ይህ ከዐሥራ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ይህ ልክ ምክር እንጂ ሕግ ስላልሆነ፣ ማርካም ከገለጸው ብዙም ያልሰፋ የሳንቃ ሃች እስከ ዛሬ በእንግሊዝ የገበያ አዳራሾች ይሸጣል፤ ገዢም አለው።